ከጎታ እስከ ድርድር አዳራሽ፦ አፍሪካ ስለ ዘሯ በአንድ ድምፅ የተናገረችበት ዘመን

ቁይ በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላትግን ወረዳ መቀመጫ ናት። ዙሪያዋ የጤፍ፣ የስንዴ፣ የገብስ፣ የባቄላና የጓያ አገር ነው። ገበሬው አዝመራው ሲደርስ ማሳውን እየዞረ ያያል፤ ዛላው የሞላውን፣ አገዳው ያልወደቀውን ለይቶ ለብቻው ያጭዳል፣ ለብቻውም ይወቃል። ባለቤቱ ያንን ዘር አበጥራ በጎታ ታኖረዋለች፤ ክፉ ቀን ቢመጣ ከቤቱ እህል ሁሉ መጨረሻ የሚነካው እሱ ነው። ዘር ያለቀበት ከጎረቤቱ ይበደራል፤ የተሻለ ዘር ያየ ደግሞ እህል ሰጥቶ ይለውጣል። ውልም ፊርማም የለበትም፤ የሚያስተሳስረው መተማመን ብቻ ነው።

ባለፉት አርባ ዓመታት ግን ዘር የመንግሥታት ድርድር፣ የኩባንያዎች ባለቤትነትና የፍርድ ቤት ክርክር ሆኗል። በዚህ ረጅም ክርክር አፍሪካ ብዙ ጊዜ ተገፍታለች፤ አንድ ጊዜ ግን ከእስያና ከላቲን አሜሪካ ታዳጊ አገሮች ጋር በአንድ ቃል ቆማ ዓለም አቀፍ ሕግ አስጽፋለች፤ ቃል አቀባዩም ኢትዮጵያዊ ነበር። ብቻዋን የተዋዋለች አገር ምን እንደሚገጥማት፣ ተባብረው የቆሙ አገሮችም ምን እንደሚያገኙ ይህ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ዘመኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እየተከተልን እንየው።

ዘር ያለ ጠያቂ የሚወሰድበት ጊዜ

በ1919 ዓ.ም. ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያ ገባ። ከአልጋ ወራሹ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ ፈቃድ ካገኘ በኋላ አገሩን እያቋረጠ የስንዴ፣ የገብስና የሌላም ሰብል ናሙና ሰበሰበ። በአንዲት አገር ይህን ያህል ልዩ ልዩ ዓይነት በማየቱ ተደንቆ፣ ኢትዮጵያን የሰው ልጅ ሰብሎች ከተገኙባቸው ጥቂት የዓለም ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገባት። ከእሱ በኋላም ብዙ ሰብሳቢዎች መጡ። በዚያን ጊዜ ዘር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ስለሚታሰብ የሚጠይቅም የሚከለክልም አልነበረም።

ያ ማለት ምን እንደሆነ አንድ የገብስ ታሪክ ያስረዳል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ገበሬውን ባስጨነቀ ጊዜ ተመራማሪዎቹ መድኃኒቱን ያገኙት ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። በሽታውን የሚቋቋመው ዘረ መል ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ባሉ የገብስ ዝርያዎች ገብቷል። ያንን ገብስ ለብዙ መቶ ዓመታት እየመረጠ ያቆየው የደጋ ገበሬ ግን ዘሩ የት እንደደረሰ እንኳ አልተነገረውም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ሁለት ነገሮች ተለወጡ። ደብረ ዘይት ላይ ታረቀ በርሄ የተባሉት ተመራማሪ ስለ ጤፍ አበባ አንድ ምሥጢር ደረሱበት፤ አበባው የሚከፈተው ማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያራባ በመሆኑ ሁለት ዝርያ ለማዳቀል የሚቻለው በዚያች የማለዳ ሰዓት ነው፤ ለዓይን እንኳ በማትሞላ አበባ ላይ በመርፌና በአጉሊ መነጽር መሥራትን ይጠይቃል። በዚህ መንገድ የተዳቀለው ቁንጮ የተባለው ጤፍ በ1998 ዓ.ም. ተለቆ በጎጃምም በሌላውም የጤፍ አገር በስፋት ተዘራ። እናቱና አባቱ የአገር ዝርያ ናቸው፤ የሠሩትም የአገር ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው ነገር የዘር ባንክ ነው። በ1968 ዓ.ም. በጀርመን መንግሥት ድጋፍ አዲስ አበባ ላይ የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል ተቋቋመ። በኋላ ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል መከማቸቱ ብቻውን አይበቃም አሉ። የ1977ቱ ረሃብ ገበሬውን የዘሩን እህል ሲያስበላው ባለሙያዎቻቸው ከመጥፋት የተረፈውን እየዞሩ ሰበሰቡ፤ ቀጥሎም ዘሩ ተመልሶ በገበሬው ማሳ ላይ እንዲጠበቅ አደረጉ። በዚህ ሥራቸው በ1982 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ኢትዮጵያ ወደ ድርድር አዳራሽ የገባችው ይህን የመሰለ የራሷ ዕውቀት ይዛ ነው።

ከሪዮ እስከ ካርታኼና

በ1984 ዓ.ም. መገባደጃ በብራዚል ሪዮ ዴ ጃኔሮ የብዝሀ ሕይወት ስምምነት ለፊርማ ቀረበ። ስምምነቱ አገሮች በዘረመል ሀብታቸው ላይ ሉዓላዊ ሥልጣን እንዳላቸው ደነገገ፤ የወሰደ መጠየቅ፣ ያተረፈ ማካፈል እንዳለበትም አወጀ። በታዳጊ አገሮች ግፊት ደግሞ አንድ አንቀጽ ገባበት። በዘመናዊ ባዮቴክኖሎጂ የተለወጡ ሕያዋን ከአገር አገር ሲዘዋወሩ ደኅንነታቸው የሚጠበቅበት የተለየ ፕሮቶኮል እንደሚያስፈልግ አገሮቹ እንዲመክሩበት የሚያዝዝ ነው። አሜሪካ ስምምነቱን እስከ ዛሬ አላጸደቀችም።

ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቆየም። በ1988 ዓ.ም. በአሜሪካ ዘረ መላቸው የተለወጠ አኩሪ አተር፣ ጥጥና በቆሎ ለገበያ በስፋት መዘራት ጀመሩ። የሕዋሱን ዘረ መል ቀጥታ በመለወጥ፣ ለምሳሌ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ዘረ መል በጥጥ ውስጥ በመትከል፣ ጥጡ ራሱ ትሉን የሚገድል ንጥረ ነገር እንዲያመርት ይደረጋል። በኛ ሕግ እንዲህ ያለው ፍጡር «ልውጥ ሕያው» ይባላል። በዚያው ዓመት ጃካርታ ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት ፕሮቶኮሉ ይጻፍ ብለው ወሰኑ፤ ድርድሩም በክረምቱ በዴንማርኳ ኦርሁስ ተጀመረ።

የኢትዮጵያን ልዑካን የመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። አድዋ አካባቢ የተወለዱት እኒህ የዕፅዋት ሊቅ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን፣ በኋላም የአስመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ሆነው አገልግለዋል፤ የኢትዮጵያን ዕፅዋት በጥራዝ በጥራዝ የመዘገበውን ታላቅ ሥራም ከመሩት አንዱ ናቸው። በዚህ ጊዜ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበሩ።

የአፍሪካ ችግር ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር። ሀብታሞቹ አገሮች የሕግ፣ የንግድና የሳይንስ ባለሙያዎችን በቡድን ሲልኩ አንዳንድ የአፍሪካ አገር አንድ ወይም ሁለት ሰው ይልካል። ስብሰባው በአንድ ጊዜ በሁለትና በሦስት ክፍል ሲካሄድ ያ አንድ ሰው የቱ ጋ ይቀመጥ? መልሱ ሥራ መከፋፈል ሆነ። አፍሪካውያኑ ቀድመው ይመክራሉ፤ አንዱ በአንድ ክፍል፣ ሌላው በሌላው ክፍል የሁሉንም ቃል ይናገራል። በሰው እየተጻፈ የሚመጣላቸውን ረቂቅ ከመጠበቅም የራሳቸውን ሙሉ ረቂቅ አዘጋጅተው አቀረቡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ በተግባር ታየ።

1990 ዓ.ም. ሰልፉ የለየበት ዓመት ነው። ሞንሳንቶ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የተራበውን ዓለም የሚመግበው የልውጥ ሰብል ቴክኖሎጂ ነው የሚል ዘመቻ በከፈተ ጊዜ፣ ሮም ላይ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ድርድር የነበሩ የአፍሪካ ልዑካን ከደቡብ አፍሪካ በቀር በአንድነት የተቃውሞ መግለጫ አወጡ። የድሆችና የተራቡ ሰዎቻችን ምስል የኩባንያ ማስታወቂያ አይሁን የሚል መንፈስ ነበረው። በዚያው ሰሞን ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሚኒስትሮች የማኅበረሰብን፣ የገበሬንና የአዳቃዮችን መብት የሚጠብቅ ሞዴል ሕግ ደገፉ። በሌላው ወገን አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ አርጀንቲና፣ ቺሊና ኡራጓይ፣ ማለትም ዋናዎቹ እህል ላኪዎች፣ ሚያሚ ላይ ተሰብስበው የሚያሚ ቡድን የሚባለውን መሠረቱ።

ድርድሩ ይቋጭበታል የተባለው ጉባኤ በየካቲት 1991 ዓ.ም. በኮሎምቢያዋ የወደብ ከተማ ካርታኼና ተቀመጠ። ያ ሳምንት ለኢትዮጵያ ከባድ ነበር፤ ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት ባድመ ላይ ዘመቻ ፀሐይ ግባት የተጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ካርታኼና ላይ ደግሞ አብዛኞቹ ታዳጊ አገሮች ቻይናንና ሕንድን ጨምረው ተመሳሳይ አቋም ያላቸው አገሮች የሚል ቡድን መሠረቱና ዶክተር ተወልደን ቃል አቀባይ አደረጓቸው።

ዋናው ጠብ በመርከብ ስለሚጫን እህል ነበር። የሚያሚ ቡድን ሕጉ ለዘር ብቻ ይሁን፤ ለምግብና ለመኖ የሚላከው በቆሎና አኩሪ አተር አይነካ አለ። የታዳጊዎቹ መልስ የተነሳው ከኑሯቸው ነው፦ በኛ አገር ለምግብ የመጣ በቆሎ እና ለዘር የመጣ በቆሎ ልዩነት የለውም። ገበሬ ከዕርዳታ እህል ላይ መርጦ ይዘራል። የቁይ ሰው ይህን ለማወቅ ተደራዳሪ መሆን አያስፈልገውም። ካርታኼና ያለ ስምምነት ተበተነ።

በሞንትሪያል ብርድ

ድርድሩን ከሞት ያስነሱት የኮሎምቢያው የአካባቢ ሚኒስትር ኹዋን ማይር ናቸው። በ1992 ዓ.ም. መባቻ ቪየና ላይ በአምስት ቡድን የተከፈሉትን ተደራዳሪዎች ክብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧቸው፤ ከየቡድኑም ተናጋሪው ጥቂት ሰው ብቻ ሆነ። ማን ይቅደም የሚለው ክርክር ራሱ ጊዜ ስለሚበላ ሰብሳቢው ተራውን በዕጣ ያወጡ ጀመር። ጥላቻው የከረረበት አዳራሽ በዚህ ትንሽ ብልሃት ለዘብ አለ። በዚህ አቀማመጥ የሚያሚ ቡድንና የታዳጊዎቹ ቡድን እኩል አንድ አንድ ወንበር ነበራቸው፤ ከታዳጊዎቹ ወንበር ኋላ ግን ከመቶ የሚበልጡ አገሮች ቆመዋል።

ጥር ላይ መንግሥታቱ ሞንትሪያል ተገናኙ። ውጭ ሰልፈኞች በብርዱ ቆመዋል፤ ውስጥ ሌሊቱ ከሌሊት ጋር ተያይዟል። ጥር 20 ቀን 1992 ዓ.ም. ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ጸደቀ።

ታዳጊዎቹ ያገኙት ትልቅ ነበር። ልውጥ ዘር ወደ አንድ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲላክ ላኪው አስቀድሞ መረጃ ሰጥቶ የተቀባዩን አገር ስምምነት ማግኘት ግዴታው ሆነ። የሳይንስ ማስረጃ አለመሟላቱ አገሪቱን ከጥንቃቄ ውሳኔ እንደማያግዳት ተጻፈ። ውሳኔ ስትሰጥ በነባር ተወላጆችና በአካባቢው ማኅበረሰብ ኑሮ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ማገናዘብ እንድትችልም ተፈቀደ። ያጡትም ነበር፦ ለምግብና ለመኖ የሚጫነው እህል ለየጭነቱ ቅድመ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ሰነዱ ላይ ልውጥ ሕያው «ሊኖርበት ይችላል» መባሉ ብቻ ይበቃል። ጉዳት ቢደርስ ማን ይካስ የሚለውም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ሆኖም ትልቅ እህል ላኪዎች በሙሉ ኃይላቸው በተቃወሙት ነገር ላይ ድሆች አገሮች ተባብረው ሕግ ማስጻፋቸው በዲፕሎማሲ ታሪክ ብዙ አይታይም። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ዶክተር ተወልደም ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው።

ሕጉ ለመጽናት ሃምሳ አገር ማጽደቅ ነበረበት። ሃምሳኛዋ ትንሿ የፓስፊክ ደሴት ፓላው ሆነች፤ ፕሮቶኮሉም በአራት ዓመት አንዴ በምትመጣው በጳጉሜን 6 ቀን፣ በ1995 ዓ.ም. ማብቂያ ሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ የአጽዳቂዎቹን ማኅበር ተቀላቀለች።

ሕጉ በኑሮ ሲፈተን

አፍሪካ ውስጥ የነበረው ክፍተት የየአገሩ ሕግ ነው። አንዱ ሕግ ሲኖረው ጎረቤቱ ከሌለው ዘር በድንበር ያልፋል። ስለዚህ በ1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ የባዮቴክኖሎጂ ደኅንነት ሞዴል ሕግ ተዘጋጀ፤ በ1995 ዓ.ም. ማፑቶ ላይ የአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮቹ ለየሕጋቸው መነሻ እንዲያደርጉት አሳሰበ።

ፈተናው ግን ከሕጉ ቀድሞ መጥቶ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ደቡባዊ አፍሪካን ድርቅ መታ፤ ከአሜሪካ የመጣው የዕርዳታ በቆሎ ልውጥ ዘር ሊኖርበት እንደሚችል ታወቀ። የዛምቢያው ፕሬዝዳንት ሌቪ ሙዋናዋሳ አልቀበልም አሉ። ማላዊ፣ ሞዛምቢክና ዚምባብዌ በበኩላቸው ተፈጭቶ ከገባ ይሁን አሉ፤ የተፈጨ በቆሎ አይዘራምና። ጎረቤታሞቹ በአንድ ችግር የተለያየ ውሳኔ መስጠታቸው የደቡባዊ አፍሪካ ልማት ማኅበር በ1995 ዓ.ም. የጋራ አማካሪ ኮሚቴ እንዲያቋቁም አደረገው። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያም ከ11 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ዕርዳታ ትጠይቅ ነበር፤ ስለዚህ የዛምቢያ ጥያቄ ከኛ ሩቅ አልነበረም።

ብቻን መቆም የሚያስከትለውን ኢትዮጵያ በጤፍ ቀመሰችው። በ1997 ዓ.ም. ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍ ዘር የመስጠትና ትርፍ የመካፈል ውል ተፈረመ። ኩባንያው ግን በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አወጣ፤ በ1999 ዓ.ም. ተሰጠው፤ በ2001 ዓ.ም. ከሰረ፤ ፓተንቱ ወደ ሌላ እጅ ዞረ። ኢትዮጵያ ከውሉ የረባ ነገር አላገኘችም። የሄግ ፍርድ ቤት በ2011 ዓ.ም. የሆላንዱን ፓተንት ዋጋ ቢስ ነው ብሎ ፈረደ፤ ያ ፍርድ የተገኘው ግን ሁለት የሆላንድ ድርጅቶች እርስ በርስ በተካሰሱበት ክርክር ነው፤ ባለ ጤፏ አገር በችሎቱ አልነበረችም። የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ አያት ቅድመ አያቱ ያቆዩለትን ሰብል ሌላ ሲከራከርበት ማየት እጅግ የሚቆጭ ነገር ነው።

በዚህ መሐል አፍሪካ ውስጥ ሌላ ድምፅ ተነሳ። በ1999 ዓ.ም. ኬንያዊው ካሌስተስ ጁማና ግብፃዊው ኢስማኤል ሰራጌልዲን የመሩት የአፍሪካ ኅብረት ከፍተኛ የባለሙያዎች ቡድን፣ አህጉሪቱ ቴክኖሎጂውን ከመፍራት አልፋ በየቀጣናው ተባብራ የራሷን ችሎታ ትገንባ አለ። በ2002 ዓ.ም. ዋጋዱጉ ላይ ተቆጣጣሪዎችን የሚያሠለጥን የአፍሪካ የደኅንነተ ሕይወት ባለሙያዎች መረብ ሥራ ጀመረ። የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ አገሮችን በንግድ የሚያገናኘው ኮሜሳም በ2006 ዓ.ም. ኪንሻሳ ላይ ስለ ልውጥ ሰብል ዘር፣ ንግድና ዕርዳታ የጋራ ፖሊሲ አጸደቀ፤ ግምገማውን በጋራ እናድርግ፣ ውሳኔው ግን የየአገሩ ይሁን የሚል ነው።

ኢትዮጵያ የሄደችበት መንገድ ሁለቱንም ድምፆች ያሳያል። የ2001 ዓ.ም. የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 ከሞዴል ሕጉ መንፈስ የተቀዳና ጠንካራ ነበር፤ ተመራማሪዎች ግን በቤተ ሙከራ እንኳ እንዳንሠራ አሰረን ሲሉ አቤት አሉ። በ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 896 አላላው። በ2009 ዓ.ም. መጤ ተምች የሚባለው ትል ገብቶ የበቆሎ ማሳ ሲበላ የቴክኖሎጂው ደጋፊዎች ክርክር ጉልበት አገኘ። በ2010 ዓ.ም. ከሕንድ የመጡ ሁለት ትል የሚቋቋሙ የጥጥ ድቅሎች ፈቃድ አገኙ፤ ድርቅንና ትልን ይቋቋማል የተባለው ቴላ በቆሎም በታጠረ ማሳ እንዲሞከር ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ሞንትሪያል ላይ ለሌላ ጊዜ የተላለፈው የካሳ ጉዳይ በናጎያ–ኳላ ላምፑር ተጨማሪ ፕሮቶኮል በኩል በዓለም ሥራ ላይ ዋለ።

የጥጡን ነገር ስናይ ጎረቤት የሞከረውን ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም እንረዳለን። ቡርኪና ፋሶ በ2000 ዓ.ም. ልውጥ ጥጥ ዘራች፤ ምርቱ ቢጨምርም የጭረቱ ርዝመት አጥሮ በዓለም ገበያ ዋጋዋን ስለነካባት በ2008 ዓ.ም. አቆመች። ይህ ዕውቀት ለማንኛውም የአፍሪካ ጥጥ አምራች ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል።

ዶክተር ተወልደ መጋቢት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. አረፉ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ኬንያ አሥር ዓመት የቆየ እገዳዋን አንስታ ልውጥ ሰብልን ፈቅዳ ነበር። እሳቸው ያቀኑት መንገድ ግን አልተዘጋም፤ ፈቃድም ሆነ ክልከላ ዛሬ በአፍሪካ የሚሰጠው ሞንትሪያል ላይ በተገኘው የመወሰን ሥልጣን ነው።

ይህ ሥልጣን ቁይ ላይ ምን ማለት እንደሆነ በበቆሎ ይታያል። ጤፍ ራሱን ስለሚያራባ የጎረቤት ዝርያ ብዙም አይነካውም። የበቆሎ ብናኝ ግን በነፋስ ይሄዳል፤ ንጹሕ የበቆሎ ዘር ለማባዛት በማሳዎች መካከል 200 ሜትርና ከዚያ የበለጠ ርቀት ይጠየቃል። የጎጃም ማሳ ግን ከጎረቤቱ የሚለየው በአንድ የሣር ድንበር ነው። አንዱ ልውጥ በቆሎ ቢዘራ ሌላው ሳይጠየቅ ዘሩ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ የተቀላቀለ ዘር ደግሞ ከጎታ ወደ ጎታ ይዞራል። ትሉን የሚቋቋም በቆሎ የሚፈልግ ገበሬ ሊኖር ይችላል፤ ፍላጎቱም ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ውሳኔው በአንድ ማሳ ብቻ አይወሰንም።

የካርታኼና ፕሮቶኮል 23ኛ አንቀጽ መንግሥታት ልውጥ ሕያዋንን በሚመለከት ውሳኔ ሲሰጡ ሕዝቡን እንዲያማክሩ ግዴታ ይጥላል። አገሮቻችን የመጠየቅን መብት ያገኙት ተባብረው ነው፤ ያንኑ መብት ለገበሬው ማድረስ ደግሞ የእያንዳንዳቸው ዕዳ ነው። ለዚህ በድንበርና በወደብ ዘር የሚመረምር ቤተ ሙከራ፣ ከኬንያና ከሱዳን ጋር መረጃ የሚለዋወጥ መሥሪያ ቤት፣ በየወረዳውም በአማርኛ የሚያስረዳ ባለሙያ ያስፈልጋል። በዓለም አደባባይ «ሳንጠየቅ አይሆንም» ያለች አገር የደባይ ጥላትግን ገበሬ ሳይጠየቅ ስለ ማሳው መወሰን አይገባትም።